በሩን እንዳገኘኸው ተው

ኖርተን ዌልን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው ወይ መንገድ ጠፍቶበታል፣ ወይ ከሚስቱ ተጣልቷል፣ ወይ ጡረታ ወጥቶ የሚሠራው አጥቷል። ዕድሜዬን ሙሉ ከዚህ ባንኮኒ ጀርባ ቆሜ ቢራ ስቀዳ ሌላ ዓይነት እንግዳ አላየሁም።

ከተማ የምንላት አንዲት መንገድ ናት። በአንደኛው ጫፏ የኔ መጠጥ ቤት አለ፤ በሌላው ጫፏ ትልቁ ዝንብ አለ። ትልቁ ዝንብ ማለት ከሲሚንቶ የተሠራ፣ ቁመቱ ከቤት ጣራ የሚበልጥ፣ የቆርቆሮ ክንፉን ዝገት የበላው ዝንብ ነው። የምክር ቤታችን ታላላቅ ሰዎች ናቸው «ቱሪስት ይስባል» ብለው ያሠሩት። በሌላው የአውስትራሊያ ክፍል ትልቅ ሙዝና ትልቅ በግ አሠርተው እንግዳ የሚጎርፍላቸው ከተሞች አሉ። እኛ ዘንድ የተትረፈረፈው ዝንብ ስለሆነ ዝንብ አሠራን። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! እንግዳው ይመጣል፣ ከሲሚንቶው ዝንብ ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ እውነተኞቹ ዝንቦች አፉ ውስጥ ሲገቡ እየተፋ ወደ መኪናው ይሮጣል። እኔ ጋ ገብቶ አንድ ጠርሙስ ውሃ ይገዛና ዋይፋይ እንዳለ ይጠይቃል። የለም ስለው ያሳዘንኩት ይመስል ያየኛል።

እንግዶቹ ሊያዩት የሚመጡትን ቀዩን ሸለቆ ግን አልሰድብም፤ ምላሴም አይታዘዝልኝ። ጠዋት ፀሐይ ስትነካው ገደሉ ፍም ይመስላል። ከሥሩ የተኛው ውሃ በከፋ ድርቅ እንኳ ደርቆ አያውቅም፤ አህያ የሚያህሉ ካንጋሮዎች ሲመሽ እየመጡ ይጠጡበታል። ሌሊት እዚያ ያደረ ሰው ስንት ኮከብ እንዳለ ያኔ ያውቃል። ይህን ሁሉ አይቶ የተመለሰ እንግዳ ታዲያ ምን ያወራኛል? መንገዱ መኪናውን እንዴት እንዳንገጫገጨው።

እኛስ እንሻላለን ወይ ብትሉኝ፣ አንሻልም። እኛ አገር ከገና እስከ ገና ቤተ ክርስቲያን የማይረግጥ ሞልቷል፤ ግብር የሚሸሽ አለ፤ ጠጥቶ የሚነዳ አለ። የማይጣስ ሕግ አንድ ብቻ ነው። የአጥር በርን እንዳገኘኸው ተው። ክፍት ካገኘኸው ክፍቱን፣ ዝግ ካገኘኸው ዝጉን። ለምን ተከፈተ፣ ለምን ተዘጋ ብሎ መጠየቅ ሰው ማጀት ገብቶ ድስት እንደ መክፈት ነው። ባለቤቱ ምክንያቱን ያውቃል፤ የአላፊ አግዳሚ ሥራ ማለፍ ብቻ ነው። መኪና ውስጥ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጠው ደግሞ፣ ሽማግሌም ይሁን ሙሽራ፣ ወርዶ የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ልጆቻችን ፊደል ከመቁጠራቸው በፊት ይህን ይማራሉ።

ታናሽ ወንድሜ ክላይቭ የዚህ ሕግ ሊቀ ጳጳስ ነው። ወንድሜ ነው ብዬ አላሞግሰውም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከላሞቹና ከኔ በቀር የሚያነጋግረው ሰው የለም፤ ለላሞቹ የሚናገረው ለኔ ከሚናገረው ይጣፍጣል። ድርቁ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ሌላውን ከብት ሁሉ ሸጦ፣ ከአባታችን የወረሳቸውን ላሞች ዘር ብቻ አስቀረ። እነሱንም የቁጥቋጦ ቅርንጫፍ እየቆረጠ ነው ያኖራቸው። እጁ ሁልጊዜ በእሾህ የተቧጠጠ ነው። ይህን አልነሳውም።

ያለችው ልጅ አንድ ናት፤ ብሮንዊን። አደላይድ ሄዳ ተማረች፣ እዚያው ሥራ ያዘች፣ በዓመት አንዴ ብቅ ትል ነበር። ባለፈው የካቲት፣ ሙቀቱ ድንጋይ በሚያፈነዳበት ወቅት፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰው ይዛ መጠጥ ቤቴ ገባች። ሰውየው ረጅም፣ ቀጭን፣ አፍንጫውን በነጭ የፀሐይ ቅባት የለቀለቀ ነው። ባርኔጣው ላይ የዋጋው ወረቀት ገና ተንጠልጥሎ ነበር።

ፖስታ የሚያመላልሰው ኔቪል ነው መጀመሪያ ያየው።

«ብሮንዊን! ይሄን ደግሞ ከየትኛው ማሳ ነቅለሽ አመጣሽው? ወፍ ማባረሪያ ነው?»

«ጁልያን ይባላል» አለች። «እጮኛዬ ነው።»

ጁልያን በየወንበሩ እየዞረ ሁሉንም ጨበጠ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ገብቶ ለሁሉም ራሱን አንዴ ነቅነቅ ካደረገ በቂ ነው፤ እሱ ግን የተኛውን ሰካራም ሳይቀር ቀስቅሶ ጨበጠው።

«ሥራህ ምንድን ነው፣ ወንድም?» አለው ዴዝመንድ። ዴዝመንድ የክላይቭ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ማለት እኛ አገር አጥር የሚጋራ ማለት ነው እንጂ ቤቱ በዓይን አይታይም።

«ነርስ ነኝ።»

«ነርስ? ታዲያ ቀሚሱን የት ጣልከው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሚስቀው ሁሉ እኮ አንዲት መርፌ ለመወጋት ግማሽ ቀን የሚነዳ ነው! የከተማዋ ክሊኒክ ነርስ አጥቶ ከተዘጋ ከዓመት በላይ ሆኖታል። ዴዝመንድ ራሱ ያበጠ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ነው የሚስቀው። የራሷን አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይሄ ነው።

ክላይቭ አልሳቀም። ልጁን ሳማት፣ ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየው፣ ከዚያ እንዲህ አለው፦

«ስማ። እዚህ የምታውቀው ነገር የለም፤ ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እወቅ። በርን እንዳገኘኸው ትተዋለህ። ገባህ?»

«ገብቶኛል ጌታዬ። ግን ለምንድን ነው…»

«ለምን የሚባል ነገር የለም።»

ወንዶቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወንጌል የተነበበ ነው የሚመስለው።

ብሮንዊን ተከትላኝ ማድ ቤት ገባች። ምግብ የማወጣ መስዬ አየኋት። ፊቷ እናቷን መስሏል፣ አገጯ ግን የአባቷ ነው።

«አክስቴ፣ ለጉብኝት አይደለም የመጣነው» አለችኝ። «ለመቅረት ነው። እሱ ክሊኒኩን ሊከፍት ተስማምቷል፤ እኔም ከአባዬ ጋር ከብቱን ልይዝ ነው።»

«ለአባትሽ ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም። መጀመሪያ ሰውየውን ይየው። ይህን ሳምንት እንደ ሰው አንድ ቃል ካነጋገረው እንቀራለን። ካላነጋገረው ግን አልለምነውም። ሄጄ አልመለስም።»

«አባትሽን እኮ ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ። እኔም የሱ ልጅ ነኝ።»

ይህን ለክላይቭ እንዳልነግረው አስማለችኝ። ብነግረውም አይሰማኝም ነበር።

እንግዲህ የክላይቭ መሬት እንዲህ ነው። ከከተማ የሚወስደው መንገድ መጀመሪያ ላሞቹ የሚሰማሩበትን ሰፊ መስክ ያቋርጣል፤ ከዚያ በሩ ይመጣል፤ ከበሩ ወዲያ ነፋስ የሚያዞረው የውሃ ፓምፕና ገንዳው፣ ከገንዳው አለፍ ብሎ ቤቱ። እሑድ ማታ እነ ብሮንዊን ሲገቡ በሩ ዝግ ነበር፤ ላሞቹ በመስኩ ውስጥ ካለ ኩሬ ይጠጡ ነበርና። ሰኞ ጠዋት ክላይቭ ኩሬው ጭቃ ብቻ ሆኖ አገኘው። በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ላሞቹ ወደ ገንዳው እንዲመላለሱ ለቀቃቸው። ለማን ተናገረ? ለማንም። ከብቱ የሱ፣ በሩ የሱ፣ ለማን ብሎ ይናገራል!

ማክሰኞ ጠዋት ፒክአፑን እየነዳ እኔ ጋ መጣ። ራዲያተሩ ያፈሳል አለ። እውነት ነው ያፈሳል፤ ካለፈው ገና ጀምሮ ሲያፈስ ኖሯል። ከልጁ እጮኛ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብ ስላቃተው ነው የመጣው። ፒክአፑን ጓሮዬ አቁሞ፣ ለእንግዳ የማከራየውን የኋላ ክፍል ያዘና ከባንኮኒው አልነቃነቅ አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጁልያን ብቻውን ዳቦና በረዶ ሊገዛ ከተማ መጣ። ክላይቭ በመስኮት ሲያየው ወደ ሽንት ቤት ገባ። በሰባ ዓመቱ! ጁልያን ትልቁን ዝንብ ሊያይ በእግሩ ሄደ፤ እንደ ሌሎቹ ፎቶ ተነስቶ የሚሮጥ መስሎኝ ነበር። እየዞረ አየውና ተመልሶ መጣ።

«ክንፉን የበየደው ሰው ባለሙያ ነው» አለኝ። «ደም ሥሮቹን ሳይቀር አውጥቷቸዋል። ማን ነው የሠራው?»

«ሟቹ ባሌ ነው» አልኩት። ያ ዝንብ ከቆመ ጀምሮ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አንድ ቢራ በነፃ ቀዳሁለት። ከሚያለቅስ ሕፃን በቀር ለማንም በነፃ የሰጠሁት ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ለሕፃኑም ውሃ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሁለቱ ሁለት ሌሊት ለማደር ወደ ቀዩ ሸለቆ ሄዱ። ሲያልፉ ዳቦ ጨምረው ወሰዱ። ጁልያን ድንኳኑን እንዴት እንደሚተክል ሲጠይቀኝ፣ ባርኔጣው ላይ ያለውን የዋጋ ወረቀት በመቀስ ቆረጥኩለት።

ክላይቭ ግን እኔው ጋ እንደ ተተከለ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ጀምሮ ቢራው ወደ ራሱ ወጥቶ፣ ሕዝብ ሰብስቦ የጁልያንን ነገር ያሳያቸው ጀመር።

«ሻይ ሲጠጣ አይታችሁታል? ኩባያውን በሁለት እጁ አቅፎ! ጫጩት የያዘ ነው የሚመስለው! ደግሞ አመሰግናለሁ ይላል። ለኔ ብቻ መሰላችሁ? ለውሻው! ውሻው ከመንገድ ሲነሳለት፣ ‹አመሰግናለሁ› ይለዋል!»

ኔቪል እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ዴዝመንድ ያበጠ እግሩን በጥፊ መትቶ ራሱን አሳመመ።

«ክላይቭ» አልኩት፣ «እንግዳ ቤትህ ጥለህ እዚህ ምን ትሠራለህ? ላሞቹንስ ማን አያቸው?»

«እንግዳው የሷ ነው እንጂ የኔ አይደለም። ላሞቹ ውሃ አላቸው። አንቺ ቢራሽን ቅጂ።»

ሲመሻሽ ዴዝመንድ በራሱ መኪና ይዞት ሄደ። እያወሩና እየሳቁ ሲወጡ ከኋላቸው በሩን በእግሬ ዘጋሁት። የማዝንለት ወንድም ነበር፤ በዚያች ቀን ግን ናቅሁት።

አርብ ጠዋት ክላይቭ ተነስቶ ገንዳው ጋ ሲደርስ አንዲትም ላም የለችም። በሩ ዝግ ነው። ከብት ውሃ ሲሸተው አይዞርም፤ በቀጥታ ነው የሚሄደው። ላሞቹ ከመንገዱ የማይታየው፣ ከቀዩ ጉብታ ጀርባ ያለው የአጥሩ ጥግ ላይ ተገፋፍተው፣ ከገንዳው ፊት ለፊት ቆመው ነበር። የቆሙት ጥቂቶች ናቸው። የሚበዙት ምላሳቸውን አውጥተው ወድቀዋል።

እኩለ ቀን ላይ እነ ብሮንዊን ከሸለቆው ሲመለሱ ክላይቭን ያገኙት መነሳት ያቃታቸውን በጠመንጃ ሲጨርስ ነው። የነገረችኝ እሷ ናት። ጁልያን ባልዲ ይዞ ከገንዳው ወደ ጥጉ ይመላለስ ጀመር። ላሞቹ በአንድ ጊዜ ጠጥተው እንዳይሞቱ ራሳቸውን በክንዱ እየያዘ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጠጣቸው። ስድስት ተረፉ። ክላይቭ የመጨረሻዋ ላም ላይ ተኩሶ ዞረ።

«በሩን የዘጋው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጁልያን። «እሑድ ስንገባ ዝግ ነበር። ማክሰኞ ክፍት ሳገኘው ቱሪስት ረስቶት የሄደ መሰለኝ። እንደነበረው መለስኩት።»

«ከመሬቴ ውጣ።»

ያን ሌሊት እኔ ጋ አደሩ። ጁልያን እራት አልበላም። ክንዱ ላይ የላሞቹ አረፋ ደርቆ ነበር፤ ታጠብ ብለው እንኳ አልሰማኝም።

ቅዳሜ ማታ ወሬው ከተማዋን ዞሮ ጨርሶ መጠጥ ቤቱ ጢም አለ። የላም ሞት እኛ አገር የሰው ሞት ነው፤ ለቅሶው ግን ቢራ ላይ ነው። ክላይቭ መሀል ተቀምጧል። ሁሉም ትከሻውን ይነካዋል። «ከተሜ!» ይላል አንዱ፤ «ነግረኸው ነበር እኮ!» ይላል ሌላው። ኔቪል ከሁሉ ይበልጥ ይጮሃል። «አንዲት ሕግ! አንዲት! እሷንም መያዝ አቃተው!» ከትናንት በስቲያ ስለ ጁልያን ሲስቁ የነበሩ አፎች ዛሬ ሲያማርሩ ያው ጥርስ ነው የሚታየው።

ብሮንዊን ገባች። ጁልያን ውጭ መኪናው ላይ ዕቃ ይጭናል።

«ኔቪል» አለች፣ «ረቡዕ ፖስታ አድርሰህ ነበር?»

«አዎ። እንደ ሁልጊዜው።»

«በሩ እንዴት ነበር?»

ኔቪል ብርጭቆውን ማየት ጀመረ። «ዝግ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ከፍቼ ገባሁ፣ ዘጋሁ። ስወጣም ከፍቼ ወጣሁ፣ ዘጋሁ። ምን ላድርግ ታዲያ? እንዳገኘሁት ተውኩት!»

«ገንዳው ጋ አንዲት ላም እንዳልነበረች አላየህም?»

«የሰው ላም ምን አገባኝ?»

ሁለት ሰዎች «እውነቱን ነው» አሉ። ይህን ነው እንግዲህ ሕግ የምንለው! ዓይን ያለው ሰው ዓይኑን ኪሱ ውስጥ ከትቶ እንዲያልፍ የሚፈቅድ ሕግ።

«እኔም አልፌያለሁ» አለች ብሮንዊን። «ረቡዕ ጠዋት ወደ ሸለቆው ስንወጣ ጁልያን እየነዳ እኔ ወረድኩ። ዝግ አገኘሁት፣ ከፍቼ ዘጋሁት። አባዬ የዘጋው መሰለኝ። ሳልጠይቅ አለፍኩ። ስለዚህ እኔም ገድያቸዋለሁ።»

«አንቺን ማን ወቀሰሽ?» አለ ክላይቭ። «የዘጋው እሱ ነው።»

«እሱ ነው። ‹እኔ ነኝ› ብሎም ነግሮሃል። እዚህ ቤት ካሉት ሳይጠየቅ ‹እኔ ነኝ› ያለ አንድም የለም።» ወደ አባቷ ቀረብ አለች። «አባዬ፣ ሐሙስ ማታ እንዴት ገባህ? ፒክአፕህ እስከ ትናንት የአክስቴ ጓሮ ቆማ ነበር።»

«ዴዝመንድ አደረሰኝ።»

«የነዳኸው አንተ ነህ፣ ዴዝመንድ?»

«እኔ ነኝ።»

«በሩ ጋ ማን ወረደ?»

መልሱን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከሾፌሩ ጎን ማን እንደሚቀመጥ፣ የተቀመጠውም ምን እንደሚያደርግ፣ ሁሉም ያውቃል። ዴዝመንድ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መዋሸት ፈለገ፣ አቃተው።

«ክላይቭ ነው የወረደው» አለ። «የልጁን… የጁልያንን ነገር እያጫወተኝ ነበር። ውሻውን እንዴት አመሰግናለሁ እንደሚለው። ወረደ፣ ከፈተ፣ አሳለፈኝ፣ ዘጋ፣ ገባ። ወሬውን እንኳ አላቋረጠም። እኔም እየሳቅሁ ነበር።»

ክላይቭ የተቧጠጠ እጁን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ አየው። የሌላ ሰው እጅ የመሰለው ይመስለኛል።

«ሰኞ የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። የሰማነው እኔና ብሮንዊን ብቻ ነን።

«አዎ» አለች። «ክፍት መሆን እንዳለበት የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነበርክ። ሐሙስ ማታ ደግሞ ብዙዎቹ ገና በእግራቸው ቆመው ነበር። አንተም ታውቀዋለህ፤ ሲወድቁ የጣሉት እበት አርብ ጠዋት ገና እርጥብ እንደ ነበር አይተሃል።»

እሷ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ስትለምን ሰምቻት ስለማላውቅ መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባኝም።

«ውጭ ነው አባዬ። ይቅርታ በለው አልልህም። ሄደህ ‹እኔም ዘግቼዋለሁ› በለው፤ ሌላ ቃል አልፈልግም። እንቀራለን። ለመቅረት ነው የመጣነው። እሱ ክሊኒኩን ይከፍታል፣ እኔም ከስድስቱ ላሞች ጋር እንደገና እጀምራለሁ። አንተ ትቆጣለህ፣ እኔ እሠራለሁ። እንደ ድሮው።»

ክላይቭ ቀና ብሎ ዙሪያውን አየ። ወንዶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ሰብረዋል፣ ጆሯቸው ግን ቆሟል። ያን ጊዜ ብቻችንን ብንሆን ኖሮ ይነሳ ነበር እላለሁ፤ ወንድሜ ነውና ይህን ያህል አስብለታለሁ። ግን በነሱ ፊት ነው።

«ለአንድ ከተሜ?» አለ። «በዚህ ዕድሜዬ?»

«ክላይቭ፣ ተነስ» አልኩት።

«ማቪስ፣ ቢራ ቅጂልኝ።»

«አልቀዳም። ተነስ አልኩህ! አፈርኩብህ።»

አልተነሳም። ብሮንዊን ትንሽ ጠበቀች። ኔቪል ይህ ነገር እንዲያልፍለት ፈልጎ «በሰሜን በኩል ደመና አለ ይላሉ» አለ። ሦስት ሰዎች ተሻምተው ስለ ደመናው ማውራት ጀመሩ። ልጅ አባቷን ልታጣ ነው፣ እነሱ ስለማይመጣ ዝናብ ይከራከራሉ! ከተማዋ ክሊኒኳን ልታጣ መሆኑን የሰማ አንድ ጆሮ እንኳ አልነበረም፤ ዴዝመንድ እግሩን ወደ ሌላ ወንበር አዛወረ።

ብሮንዊን በባንኮኒው ላይ ተንጠራርታ ሳመችኝ። ጉንጯ ይተኩሳል። አባቷን አልሳመችም። ወጣች።

የመኪናው ሞተር ሲነሳ ክላይቭ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ። ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀለት። በረንዳው ላይ ወጥቶ ምሰሶውን ተደግፎ ቆመ። እኔ በመስኮቱ አያለሁ። መኪናው ከጓሮዬ ወጥቶ ቀስ ብሎ በፊቱ አለፈ፤ ማንም የሚቸኩል አይመስልም ነበር። እኛ አገር መንገድ ዳር ለቆመ ሰው ሰላምታው እጅን ከመሪው ሳያነሱ አንድ ጣት ቀና ማድረግ ነው። ከዚያ በላይ ያደረገ ሰው የመጣበት ይታወቃል። ጁልያን አንዲት ጣቱን ከመሪው ላይ አነሳ። ልክ እንደኛ፣ በልኩ። ብሮንዊን ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀምጣለች። የክላይቭ ሁለት እጆች ከኪሱ አልወጡም።

አቧራው እስኪረግፍ ቆሞ ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«አያችሁት አይደል?» አለ ለወንዶቹ። «ሰላም እንኳ ሳይለኝ ሄደ።»

ኔቪልና ዴዝመንድ በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ብሎሃል» አልኩት። «ጣቱን አንስቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ያላነሳችው ልጅህ ናት።»